የሦስተኛው ቀን ዓሣ

ሦስተኛ ቀኑ ነው ባጃጅ ከቆመ፣
ታንኳ ያወረደው ዓሣ ከከረመ።
በረዶው ቀለጠ፣ ከሳፋዬ ወርዶ
በማጅራቴ ሾልኮ፣ ጀርባዬን አብርዶ
ወገቤ ላይ ሲደርስ ሙቅ ውሃ ይሆናል፤
የግንቦት ፀሐይ ለማን አዝኖ ያውቃል?

ከሐይቁ እስከ ገበያ አሥር ደቂቃ ነበር፣
ዛሬ ግን ይሳባል እንደተፈታ ክር፤
ዘንባባ እቆጥራለሁ፣ አርባ ላይ ይጠፋኛል፣
እንደገና ካንድ፤ ዓሣው ይሸተኛል።

ይርገማችሁ አልኩኝ፣ ለምን እዋሻለሁ?
አንሙትን ከነዘሩ ልረግመው ጀምሬ
እናቱ መጣችብኝ፣ የዕቁብ ጓደኛዬ፤
እሷን መዝለል ነበረብኝ በመሃል፣
እርግማን ሲዘሉበት ኃይሉ ያንሳል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ የእማማ ጥሩዓለም ቀጠሮ፤
ኩላሊት የሚታጠብበት ሆስፒታል ሩቅ ነው።
የሲሚንቶ ጋሪ ላይ ፍራሽ ዘረጉላት፣
ሁለቱ ልጆቿ በተራ ገፏት፤
ጃንጥላ ዘርግታ፣ ነጠላ አጣፍታ፣
እንደ ጥምቀት ካህን ቀጥ ብላ፣ ኮርታ
አለፈችኝ።
አላየችኝም። ወይም እንዳላየች ሆነች።
እኔም ሳፋዬን ዝቅ አድርጌ ዓይኔን ጋረድኩ።

ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ ከማደያው አጥር
ሰማያዊ ባጃጅ፣ ዓይን እስኪያልቅ ድርድር።
ጩኸት የለም። ድንጋይ የለም።
አንዱ የወንበር ልብስ ይሰፋል፣
አንዱ በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፣
አንሙት ጎማ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ይፈለፍላል።

ሳፋዬን አወረድኩ፣ ልሰድበው ብዬ።
ቀደመኝና ከደረቱ ኪስ
በላስቲክ የታሰረ ወረቀት አወጣ፣
የቅጣት፣ የቅጣት፣ የማቆሚያ፣ የቅጣት።
«ሌሊት ስምንት ሰዓት ሰልፍ እይዛለሁ፤
ሲነጋ ‹አለቀ›። ከማዕዘኑ ዞሬ
ያንኑ ቤንዚን በሃይላንድ፣ በእጥፍ እገዛለሁ።
ታሪፉ የአምና ነው። የባጃጇን ባለቤት ከፍዬ
የሚተርፈኝን ላሳይሽ?» ኪሱን ገለበጠው፤
የሱፍ ገለባ ነው መሬት ላይ የወደቀው።

«የእኔስ ዓሣ?» አልኩት።
ዝም አለ።
ይቅርታ ቢለኝ ኖሮ እሰድበው ነበር።

ዓሣ ሲበላሽ አስቀድሞ ዓይኑ ነው የሚሄደው፣
ጧት ጧት ሐይቁን ጭጋግ እንደሚሸፍነው።
ስንጥቡን ገለጥኩ፤ ገና ቀይ ነው፣ ግን እስከ ማታ አይደርስም፤
ገበያም ቢደርስ፣ በእግሩ የመጣ ሰው ሸክም አይገዛም።

ከጠላ ቤቷ መጥበሻ ተዋስኩ።
ዘይቱን የማደያው ዘበኛ አመጣ፣ ከየት እንደሆነ አልጠየቅኩም።
ጫማዋን በእጇ የያዘች የባንክ ሠራተኛ ስታልፍ
«በእናንተ የተነሳ ደሞዜ ተቆረጠ!» ብላ ጮኸችባቸው፣
ሄደች፤
ተመልሳ መጣች፣ አራት ሎሚ ይዛ።
«ጨው አለው?» አለች፣ ገና እንደተቆጣች።
ጡረታቸውን ሊቀበሉ በእግር የወጡ አንድ ሽማግሌ
ከቆመ ባጃጅ የኋላ ወንበር ገብተው ተቀመጡ፣
እንደ ተሳፋሪ።
ማንም ውረዱ አላላቸውም።
ቆይተው፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣
«ጊዮርጊስ ጋ ወራጅ አለ» አሉ።

«ደግነት እንዳይመስላችሁ» አልኳቸው፣ «ሊሸት ነው።»
«እናውቃለን» አሉኝ፣ አጥንቱን እየመጠጡ።
ቆሮሶው አለቀ። ዳማው ላይ ቅባት ቀረ።
አንሙት እጁን በሱሪው ጠረገና
«ሂሳብ?» አለኝ።
ሳቅን፤ እኔ ግን ጻፍኩት።

ባዶ ሳፋ ሲመሽ ከባድ ነው፣ ሰው አያምንም።
ጋሪው ከኋላዬ መጣ፣ አንድ ጎማው እየጮኸ።
እማማ ጥሩዓለም ታጥባ፣ እንደ ወረቀት ነጥታ
«ልጆቹን አየሻቸው? ምንድነው የሚሉት?» አለችኝ።
ነገርኳት፤ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ሃይላንዱ፣ ስለ ገለባው።
ሦስት ዘንባባ ያህል ዝም አለች።
«እውነታቸውን ነው» አለች፣ «ይጽኑ።»
ደግሞ ጃንጥላዋን እያጠፈች፦
«ዓርብ ግን ቀጠሮ አለኝ።»